የአው ዩሱፍ ሲባጎ

በሥራ ዘመኔ ስንት ሞተር እንደጠገንኩ ቆጥሬ አላውቅም፤ ያቃጠልኩት ግን አንድ ነው። ጡረታ የወጣሁ ዕለት የፋብሪካው ሰዎች ሻይ ክበቡ ውስጥ ሰብስበውኝ የምስጋና ወረቀት ሲያነቡ፣ ስለጠገንኳቸው ብዙ ተባለ፤ ስላቃጠልኩት ማንም ትንፍሽ አላለም። አብዛኞቹ ያኔ ገና አልተወለዱም። አንዲት ከኮሌጅ ወጥታ በቅርቡ የተቀጠረች ልጅ ግን ኬኩን እየቆረጠች፣ «እትዬ ፀዳለ፣ ወርክሾፑ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሲባጎ ምንድነው? ማንም አይነካውም፣ ማንም አያወርደውም» ብላ ጠየቀችኝ። በጭብጨባና በለስላሳ ጠርሙስ መሃል የሚነገር ነገር አልነበረም። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ለእሷ መልስ ብዬ ነው።

እኔ የድሬ፣ የከዚራ ሰፈር ልጅ ነኝ። አባቴ የባቡር ሠራተኛ፣ እናቴ ደግሞ መጋላ ገበያ ቅመም ነጋዴ ነበረች። ከተማችን ባለው፣ ዛሬ ኮሌጅ በሆነው ቴክኒክ ትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ ክፍል ልገባ ነው ስል እናቴ ደረቷን መታች። «ሽቦ ይዟት ሊቀር ነው እኮ!» አለች። አባቴ ሳቀና፣ «እኔንስ ይሄን ሁሉ ዓመት ባቡር ይዞኝ ቀርቶ የለ?» አላት። በዚያው ተፈቀደልኝ። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሴቶች ነበርን፤ ሌላዋ በዓመቱ አግብታ ወጣች፤ እኔ ከሂሳቡም ከወንዶቹም ጋር እልህ ተጋብቼ ጨረስኩ። አንደኛ ሆኜ ነው የጨረስኩት። ይህን የማነሳው ለጉራ ብቻ አይደለም፤ በኋላ የመጣው ጣጣ መነሻው ይኸው አንደኛነቴ ስለሆነ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። ሥራ የሚገኘው በምደባ ነበር። ፓስታና መኮሮኒ ለሚያመርተው ፋብሪካችን የኤሌክትሪክ ባለሙያ የሚላክለት ከአዲስ አበባ ነው። የተመደበው ሰው ሻንጣውን ይዞ ከባቡር ሲወርድ የድሬ ሙቀት በጥፊ ይቀበለዋል፤ በሦስተኛው ወር የዝውውር ማመልከቻ ይጽፋል። አንዱማ ሻንጣውን ሳይፈታ ነው የተመለሰው። ሥራ አስኪያጃችን ጓድ ኃይሉ ይህ ሲሰለቻቸው፣ «ሙቀቱን ከእናታቸው ሆድ ጀምረው የለመዱ ልጆች እዚሁ ቴክኒክ ትምህርት ቤት እያሉን ለምን ከሩቅ እንለምናለን?» ብለው ለበላይ አካል ጻፉ። ማህተም የበዛበት መልስ መጣ። ለአንድ ዓመት ለሙከራ አራት ተመራቂ ውሰዱ፤ ከተሳካ በየዓመቱ ከዚያው ትወስዳላችሁ፤ ካልተሳካ ምደባው እንደ ድሮው ይቀጥላል የሚል ነበር።

ከአራቱ አንዷ እኔ ነበርኩ። ሌላው የቢዮ አዋሌው ኢብሳ ነው፤ ዝምተኛ፣ እጁ ግን የሚናገር ልጅ። የኢብሳ ታናሽ እህት ፋጡማ እዚያው ትምህርት ቤት ከእኛ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ነበረች። ሥራ የጀመርን ዕለት በር ድረስ ሸኝታን፣ «አቦ እንዳታበላሹት! እናንተ ካበላሻችሁት እኛ ሰርተፊኬታችንን ይዘን ቲማቲም ልንሸጥ ነው» አለችን። እየሳቀች ነው ያለችው፤ እኛም ሳቅን። ግን እውነቷን ነበር። ከኋላችን ሙሉ ክፍል ተማሪ እኛን እያየ ነበር።

ወርክሾፑ ውስጥ የተረከቡን አው ዩሱፍ ናቸው፤ አው ሐረሪዎች ትልቅ ሰው የሚያከብሩበት መጠሪያ ነው። ድሬ ላይ አንቱታ አይበዛም፤ እሳቸውን ግን ካድሬው ሳይቀር አንቱ ይላቸው ነበር። ሐረር ተወልደው፣ ገና በልጅነታቸው ድሬ ወርደው፣ ከአንድ ጣሊያን መካኒክ ሥር ሽቦ መጠቅለል የተማሩ ሰው ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቱታቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ። ደረት ኪሳቸው ውስጥ መነፅር አለ፤ ሲያደርጉት ግን እምብዛም አይታዩም።

የመጀመሪያው ቀን ካቻቢቴያችንንና ፒንሳችንን ሰብስበው ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት።

«ጆሮ አላችሁ?» አሉን።

«አለን» አልን።

«እሱ ይበቃል ለዚህ ሳምንት።»

አንዳንድ የእንጨት ዘንግ ሰጡን። አንዱን ጫፍ የሚሠራ ሞተር ኩሽኔታ ላይ፣ ሌላውን ጆሯችን ሥር አስደግፈን ስድስት ቀን ሙሉ ስናዳምጥ ሰነበትን። መጀመሪያ የምሰማው ሁካታ ብቻ ነበር። እልህ ያዘኝ፤ እኔ የክፍሉ አንደኛ እንጨት ጆሮዬ ላይ ደግፌ እውላለሁ? በአራተኛው ቀን ግን ከሁለት ተመሳሳይ ሞተሮች አንዱ ከሥር የሆነች የአሸዋ ድምፅ እንዳለው ሰማሁ። ሮጬ ነገርኳቸው። «እሷን ነገ እንፈታታለን» አሉ። በማግስቱ ስንፈታት ኩሽኔታዋ ተበልቶ አገኘነው። የዚያን ቀን የተሰማኝ ኩራት የምስክር ወረቀት ስቀበል አልተሰማኝም።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። የማሽኑን መመሪያ መጽሐፍ ጮክ ብለን እንድናነብላቸው ያደርጋሉ። «መነፅሬ አልመች ብሎኛል፤ አንቺ አንብቢ» ይላሉ። እኔ እንግሊዝኛውን አንብቤ በአማርኛ ስፈታላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፤ ከዚያ ጣታቸውን ሞተሩ ላይ እየጠቆሙ፣ «ይኸ እዚህ ጋ ነው፤ ይኸ ግን ውሸት ነው፤ እዚህ አገር እንደዚህ አይሠራም» ይላሉ። ከመጽሐፉ ጋር እንደ ሰው ይከራከራሉ። ብዙ ጊዜ የሚረቱት እሳቸው ናቸው።

ሞተር ሲቃጠል ውስጡ ያለውን የመዳብ ሽቦ ቆርጦ አውጥቶ አዲስ መጠቅለል ነው ሥራው። የዚህ ሥራ ሕጋቸው አንድ ነው፤ አሮጌው ጥቅል ስንት ዙር እንዳለው ሳይቆጠር አይቆረጥም። ከሰል ሆኖም ቢሆን ይቆጠራል። ጥርስ የሚያስነቅል ሥራ ነው። ቫርኒሹ ተጋግሮ አንዱን ሽቦ ከሌላው ለመለየት ግማሽ ቀን ይፈጃል። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት ህንዳዊው መምህራችን ያስተማሩን ሂሳብ አለኝ፤ ሞተሩ ጎን ላይ ያለችውን ሰሌዳ አይቼ፣ ብረቱን ለክቼ፣ የዙሩን ቁጥር በሩብ ሰዓት ማውጣት እችላለሁ። ለምን ግማሽ ቀን ይባክናል? ይህን በልቤ ይዤ ቆየሁ።

የወርክሾፑ ግድግዳ ላይ ከበሩ ጀምሮ በተርታ ምስማር ተመቷል፤ በየምስማሩ ላይ ቋጠሮ የበዛበት የጥጥ ሲባጎ ተሰቅሏል። ሲባጎ ለእኛ የሥራ ዕቃ ነው፤ ጥቅሉን አጥብቀን የምናስረው በእሱ ነው። እኔም ኢብሳም የተሰቀለው ትራፊ ነው ብለን አሰብን። ማንም አልጠየቀም።

ዓመቱ ሊሞላ ሁለት ወር ሲቀረው፣ ሙቀቱ በሚብስበት ሰሞን፣ ከፓስታ ማድረቂያው ክፍል ሁለት ትልልቅ ማራገቢያዎች የአንዱ ሞተር ተቃጠለ። አው ዩሱፍ ዘመድ ሞቶባቸው ሐርላ ለቅሶ ሄደው ነበር። ጓድ ኃይሉ ወርክሾፕ ድረስ መጥተው፣ «እሳቸው ከነገ ወዲያ ነው የሚመለሱት። መጠበቅ አንችልም። ትችያለሽ?» አሉኝ።

«እችላለሁ» አልኩ። ያን ቃል እስካሁን አስታውሰዋለሁ፤ ምን ያህል ፈጥኖ ከአፌ እንደወጣ።

ኢብሳ የተቃጠለውን ጥቅል አቅፎ ለመቁጠር ተቀመጠ። እኔ ሰሌዳዋን አይቼ፣ ለክቼ፣ አስልቼ አርባ አራት ዙር የሚል መልስ አወጣሁና፣ «ተወው፣ ቁረጠው» አልኩት። አመነታ። «ቁጠሩ ብለዋል እኮ» አለ። «እሳቸው የሚቆጥሩት ሂሳብ ስለማያውቁ ነው» አልኩት። ቆረጥነው።

ስንጠቀልል ዋልን፤ በማግስቱ ማሰሩ ላይ ሲባጎ ሁለት ክንድ ያህል ጎደለኝ። ከዕቃ ግምጃ ቤት ለማውጣት ሦስት ፊርማ ያስፈልጋል፤ ከሦስቱ ፈራሚዎች አንዱ ስብሰባ ላይ ነው። ቀና ስል ከጠረጴዛዬ በላይ ተርታው መጨረሻ ላይ ሲባጎ ተሰቅሏል። አወረድኩት። ጫፉ ላይ የተጠመጠመች ቁራጭ ሽቦ ነበረች፤ ቆርጬ ጣልኳት። ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ በጥርሴ ፈታሁና ጥቅሉን አሰርኩበት።

ሞተሩን በሦስተኛው ቀን ጠዋት አስነሳነው። ድምፁ እንደ ንብ ሆነ። ዘንጉን ጆሮዬ ላይ ደግፌ ሰማሁት፤ ምንም እንከን የለውም። ጓድ ኃይሉ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ምሳ ሰዓት እቤቴ ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት፤ ተኝቼ ሁሉ ተነሳሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስመለስ ከማድረቂያው ክፍል ጭስ ይወጣል። ሽታውን ከሩቅ ነው ያወቅኩት። የተንጠለጠለው ፓስታ በሙሉ ላብ አልቦት ተጣብቆ ተበላሸ፤ መስመሩም ቆመ።

አው ዩሱፍ ከለቅሶ የተመለሱት በዚያው ሰዓት ነው። ወርክሾፑ ሲገቡ ሞተሩን አላዩም። ግድግዳውን ነው ያዩት። ባዶውን ምስማር አይተው ቆሙ። ከዚያ የተቃጠለውን ጥቅል ጎንበስ ብለው አዩና የጠቆረውን ሲባጎ በጣታቸው ዳሰሱት።

«ይኼንን ከየት አመጣሽው?»

ነገርኳቸው። ባዶውን ምስማር ነካ አድርገው ወጡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ስብሰባ ተጠራ። ጓድ ኃይሉ፣ ካድሬው፣ የሠራተኛ ማኅበሩ ሰዎች፣ እኛ አራታችን። ካድሬው ተነሳና፣ «አዲስ የተሠራ ሞተር በአንድ ቀን ለምን ይቃጠላል? ይህ ስህተት ነው ወይስ አሻጥር?» አለ። አሻጥር የሚለውን ቃል በዚያ ዘመን የኖረ ሰው ያውቀዋል። እሱ ከተነሳ በኋላ የሚጠየቀው ስለ ሞተር አይደለም። ካድሬው ቀጠለ፤ «ከዚህ ትምህርት ቤት ሰው እንውሰድ የተባለው ነገርም እንደገና ይታይ።» ኢብሳን አየሁት፤ ወለሉን እያየ ነበር። ስለ እህቱ እንደሚያስብ አወቅኩ።

አው ዩሱፍ እጃቸውን አወጡ። ሌላኛውን ሲባጎ፣ ያልተቃጠለችው የመንታዋ ማራገቢያ የሆነውን፣ ከግድግዳው አውርደው ይዘውት መጥተዋል።

«የልጅቷ ሂሳብ ትክክል ነው» አሉ። «ሰሌዳው ላይ ለተጻፈው ትክክል ነው። ግን ያቺን ሞተር እኔ ለውጫታለሁ፤ ዙሯን ቀንሼ ሽቦዋን አወፍሬያለሁ። የት ጻፍክ በሉኝ።»

ካድሬው ማስታወሻውን ገለጠ።

«እዚህ ላይ» አሉና ሲባጎውን አነሱ። «ትልቁ ቋጠሮ አሥር ነው፣ ትንሹ አንድ። ጫፉ ላይ ያለችው ቁራጭ የሽቦው ውፍረት ናት። ምስማሮቹ ማሽኖቹ በቆሙበት ተራ ነው የተመቱት። የፋብሪካው ሞተር በሙሉ እዚያ ግድግዳ ላይ አለ። ከእኔ በቀር የሚያነበው ግን የለም። ለምን? እኔ ወረቀት ማንበብ ስለማልችል። ወላሂ፣ ፊደል አልቆጠርኩም።»

በዚያን ጊዜ ፋብሪካው መግቢያ ላይ መሃይምነትን ከመካከላችን አጥፍተናል የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎ ነበር። አንድ ሰው ሳል ያዘው። አው ዩሱፍ ወደ ካድሬው ዞረው፣ «የዚያን ሰሌዳ ምስማር የመታሁት እኔ ነኝ፤ ምን እንደሚል ሰው ነግሮኝ» አሉ። ጓድ ኃይሉ ሳቃቸውን ለመደበቅ አገጫቸውን ያዙ። እኔ ግን ማልቀስ ነበር የቃጣኝ። ያ ሁሉ መነፅሬ አልመች ብሎኛል፣ አንቺ አንብቢ፣ ምን እንደነበር ገባኝ። ዕድሜ ልካቸውን የሸሸጉትን ለእኔ ሲሉ በአደባባይ አወጡት።

ዝም ብዬ ብቀመጥ እተርፍ ነበር። ግን አልቻልኩም። ተነሳሁና፣ «ሳትቆጥሩ አትቁረጡ ብለውን ነበር። ኢብሳም ነግሮኝ ነበር። ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ። ትዕቢት ነው እንጂ አሻጥር አይደለም» አልኩ።

«አንቺ ተቀመጪ! ማን ጠየቀሽ?» ብለው አው ዩሱፍ ተቆጡኝ። ከለቅሶ ከተመለሱ ወዲህ የመጀመሪያው ቁጣቸው ነበር፤ ደስ አለኝ።

ጓድ ኃይሉ ፈረዱ። «ሞተሯን መልሳችሁ ሥሯት። ሳምንት ሳትቃጠል ከሠራች የትምህርት ቤቱ ነገር ይቀጥላል። ከተቃጠለች እኔም መከላከል አልችልም።» ካድሬው ማስታወሻው ላይ የሆነ ነገር ጻፈ፤ ምን እንደጻፈ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

እኔ ፈትቼ ያሰርኩበት የዚያችው የተቃጠለችው ሞተር የራሷ ሲባጎ ነበር፤ ስለዚህ የመንታዋን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን በጣቴ ቆጠርኳት። ሦስት ትልቅ፣ ስምንት ትንሽ። ሠላሳ ስምንት። እኔ አርባ አራት ነበር የጠቀለልኩት፣ በቀጭን ሽቦ። «ለምን ሠላሳ ስምንት?» አልኳቸው።

«ሰሌዳዋ የተጻፈችው በተሠራችበት አገር ነው» አሉ። «እዚያ ከሰዓት በኋላ ከተማው በሙሉ ማራገቢያ አይከፍትም። እዚህ ግን ሁሉም ጫቱን ይዞ በርጫው ላይ ሲቀመጥ፣ የበረዶ ማሽኑ ሁሉ ሲነሳ መብራቱ ይደክማል። ጠዋት ያለው ጉልበት ከሰዓት የለም። እሷ ግን ሥራዋ አይቀንስም፤ ትጎትታለች፣ ትጎትታለች፣ ትቃጠላለች። ሁለቴ ተቃጥላብኛለች፤ ያኔ አሻጥር የሚል አልነበረም እንጂ። በሦስተኛው ጊዜ ዙሯን ቀንሼ ሽቦዋን ሳወፍር መቃጠሏን ተወች። ለምን እንደተወች ግን አላውቅም።»

እኔ ሞተሩን የፈተንኩት ጠዋት ነበር። ድሬ ተወልጄ፣ ድሬ አድጌ፣ ከሰዓት በኋላ አምፖሉ ቢጫ ሲሆን እያየሁ ኖሬ አንድም ቀን ከሂሳቡ ጋር አላገናኘሁትም።

ወረቀት አወጣሁና የህንዳዊውን መምህር ሂሳብ በደከመው ቮልቴጅ እንደገና ሠራሁት። መልሱ ሠላሳ ስምንት መጣ። ለምን እንደሆነ ቁጥሩን እየጠቆምኩ አስረዳኋቸው። አው ዩሱፍ ወረቀቱን ማንበብ እንደሚችል ሰው ትኩር ብለው አዩት።

«ትክክል ነበርኩ ማለት ነው?» አሉ።

«ትክክል ነበሩ።»

«ስንት ዓመት ሙሉ የአላህ ሥራ መስሎኝ!» ብለው ሳቁ፤ እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። «አየሽ፣ ትምህርት ቤቱ ለዚህ ነው የሚያስፈልገው።»

ሞተሯን አንድ ላይ ጠቀለልናት፤ እሳቸው ሲጠቀልሉ እኔ ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ። ያስነሳናት ሆን ብለን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፣ አምፖሉ መድከም ሲጀምር። አው ዩሱፍ ዘንጉን ለእኔ ሰጡኝ። «ምን ትላለች?» እያሉ በየሩብ ሰዓቱ ይጠይቁኛል። «ደህና ነኝ ትላለች» እላለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ሳትቃጠል ሠራች። ከዚያም በኋላ ለዓመታት ሠርታለች።

ፋጡማና ሦስት ጓደኞቿ በሚቀጥለው ዓመት ገቡ። ከመግባታቸው በፊት ግን ጓድ ኃይሉና የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ተስማምተው የመጨረሻው ዓመት ተማሪዎች በሳምንት አንድ ቀን ወርክሾፓችን መጥተው እንዲውሉ ተደረገ። የዘንግና የጆሮው ትምህርት የትምህርት ቤቱ ትምህርት ሆነ። እኔና ኢብሳ የግድግዳውን ሲባጎ በሙሉ ቆጥረን መዝገብ ላይ አሰፈርን፤ እሳቸው የእያንዳንዱን ሞተር ታሪክ ይነግሩናል፣ እኛ ለምን እንደሠራ በሂሳብ እንጽፋለን። ያ መዝገብ ትምህርት ቤት ድረስ ተገልብጦ ሄዶ ተማሪዎች ተማሩበት። ኋላ ላይ ሌሎች የከተማው መሥሪያ ቤቶችም እንደኛ ልጆች ከዚያ ይጠይቁ ጀመር። ደሞዙ ብዙ አልነበረም፤ ወረቀቱ ግን ብዙ ነበር። የዝውውር ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ግን ጠፋ።

አው ዩሱፍ መሠረተ ትምህርት ገቡ። የፊት ወንበር ላይ መነፅራቸውን አድርገው ይቀመጣሉ። አስተማሪዋ አንድ ቀን መነፅሩን አንስታ ብታይበት ተራ መስተዋት ሆኖ አገኘችው። «ለማስመሰያ ነበር» አሏት ሳያፍሩ። ማንበብ ሲጀምሩ እውነተኛውን ገዙ።

ጡረታ የወጡት ደርግ ሳይወድቅ ነው። የመጨረሻ ቀናቸው ጠረጴዛዬ ጋ መጡና አንድ ሲባጎ ሰጡኝ። የመዝገቡ ሥራ ስላለቀ ግድግዳው ላይ ሲባጎ ከቀረ ቆይቶ ነበር።

«ቁጠሪ» አሉኝ።

ቆጠርኩት። ትልቅ ቋጠሮ የለውም፤ ሁሉም ትንሽ ነው። ሃያ ሰባት። ሃያ ሰባት ዙር ያለው ሞተር ፋብሪካው ውስጥ የለም። «ይሄ የየትኛዋ ነው?»

«ሞተር አይደለም። ከትምህርት ቤቱ የመጡ ልጆች ናቸው። መጻፍ ብችልም እናንተን በዚህ ነው መቁጠር የምወደው። ከአሁን በኋላ ቋጠሮው የአንቺ ሥራ ነው።»

አሰብኩና፣ «እኔ የትኛዋ ነኝ?» አልኳቸው።

በጣታቸው ወደ ታችኛው ጫፍ ጠቆሙኝ። የመጨረሻው ሁለት ክንድ ሲባጎ ጠቁሮ ነበር፤ ካቃጠልኩት ሞተር ላይ ፈትተው ያስቀመጡት፣ ሌላውን የቀጠሉበት። እኔ በጥርሴ የፈታኋቸው ቋጠሮዎች እጥፋት ገና ይታይ ነበር። የመጀመሪያዋ ቋጠሮ ጫፉ ላይ ናት።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ሲባጎ ይኸው ነው። በየዓመቱ ስቋጥርበት ኖሬያለሁ፤ ሲያጥረኝ ቀጥዬዋለሁ። ጡረታ ስወጣ የመጨረሻዋን ቋጠሮ አስሬ መልሼ ሰቀልኩት፤ እሷ አንቺ ነሽ። የሚቀጥሉትን አንቺ ቋጥሪ፤ ከሥር ያለውን ጥቁሩን ግን አትቁረጪው።